በሐምሌ ጣርማ በር ይኬዳል ወይ?

በአገራችን ሰው ዕረፍት የሚያገኘው ሰማዩ ሥራ በሚጀምርበት ወር ነው። ሰኔ 30 ልጆች ካርዳቸውን ይቀበላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ቂም የቋጠሩት ደግሞ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቂማቸውን ያወራርዳሉ። (የሰኔ 30ን ድብድብ ሳያውቅ ተማሪ ነበርኩ የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም።) በማግስቱ ሐምሌ ይገባል፤ ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ልጆቹ ሶፋው ላይ ይዘላሉ፣ እናታቸው ትቆጣለች፣ ያልደረቀ ልብስ በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰጥቶ የቤቱ እንግዳ እሱ ብቻ ይሆናል። እኔም መስኮት ዳር ቆሜ ጎርፉ የማንን ላስቲክ ይዞ እንደሚሄድ እከታተላለሁ።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ጥያቄ ይነሳል። የሚያነሳውም ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

«ጣርማ በር ብንሄድስ?»

ቤቱ ጸጥ ይላል። የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኝና «ደህና ነህ ግን?» ትለኛለች።

ቦታውን ለማያውቁት ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ ሰው ሰላም የሚባባለው እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ስሟን ያወጡላት። በሐምሌ የሄደ ሰው፣ ብርሃን መታየቱ ለምን ከተማ እስከ መቆርቆር እንዳደረሳቸው ሳይነገረው ይገባዋል። ከዚያም ገና ሽቅብ አለ። ሜዳው እየተነሳ እየተነሳ ሄዶ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ድንገት ያልቃል፤ እንደ ሌላው ዳገት ቀስ ብሎ አይወርድም፣ ተቆርጦ ነው የሚቀረው። ጣርማ በር ይኸው አፋፍ ነው። መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባና በወዲያኛው አፍ ሲወጣ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይለቅዎታል። በበጋ፣ ጥርት ባለ ጠዋት፣ እዚያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው እስከ አፋር ቆላ ድረስ ያያል። በሐምሌ የቆመ ደግሞ ጫማውን ያያል፤ እሱንም ጉሙ ከፈቀደለት።

ጉሙ ከሰማይ የወረደ ይመስላል እንጂ የሚመጣው ከታች ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብና ሞቃት አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ይበርደዋል፤ ሲበርደው ጉም ይሆናል፤ ጉም ከሆነ በኋላ እዚያው አፋፉ ላይ ዐረፍ ይላል። ያንን ገደል የወጣ ሁሉ ማረፉ አይቀርም፤ በአየሩ አልፈርድበትም።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ባለቤቴ የምትቃወመኝ በዝናቡ አይደለም፤ በቀን መቁጠሪያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ለክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ሦስት ወር ሙሉ ሰጥታዋለች፤ ለእኛ ቤት ሽርሽር ግን ከዚያ ውስጥ የሚተርፍ ቀን ማግኘት ጭንቅ ነው። የሐምሌ መጀመሪያ የልጆቹ የክረምት ትምህርት ምዝገባ ነው። ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው፤ ስለት ያለበት ሰው ከቤት አይጠፋም። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ «ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደን ሽሮ ልንበላ ነው?» የምትለኝ ያኔ ነው፤ እውነቷን ነው፣ የመንዝ በግ እየጋጠ በሚታይበት አገር ጾመኛ ሆኖ ማለፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሳይጨፍሩና የሰፈሩን ሳንቲም ሳይሰበስቡ ንቅንቅ አይሉም። ፍልሰታ በ16 ይፈታል፤ በ17 የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ቦርሳ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ከእነሱ ኋላ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ትከተላለች። ተደምሮ ተቀንሶ የሚተርፈው ከሐምሌ 20 እስከ 30 ያለው ብቻ ነው። ያ ደግሞ ዝናቡ ለሽንት እንኳ የማይወጣበት ሰሞን ነው።

መኪና ያለው ጓደኛዬ ሁለተኛው ተቃዋሚ ነው። እሱ ረዥም ንግግር አይወድም። «ጎማዬን አይተኸዋል?» ብሎ ዝም ይላል። አይቼዋለሁ። ጥርስ የሚባል ነገር የለውም። መስከረም ይቀየራል የተባለው ስንተኛው መስከረም እንደሆነ አንጠያየቅም፤ ጓደኝነት በእንዲህ ያለው ዝምታ ነው የሚቆየው።

በዚህ መሃል «እስቲ ትንበያውን እንስማ» ብሎ አስታራቂ የሚሆን ሰው አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መደበኛና ከመደበኛ በላይ የሆነ ዝናብ እንደሚያገኝ ይነገረናል። ሐምሌ ላይ ዝናብ እንደሚዘንብ ለማወቅ ሳተላይት ያስፈልግ ነበር ወይ ብለን እንስቃለን። ኋላ ሳስበው ግን ሳቁ ያለ ቦታው ነው። ያ ትንበያ ለእኔ ሽርሽር አልተዘጋጀም። «ከመደበኛ በላይ» ሲባል እኔ ጫማዬን አስባለሁ፤ ገበሬው ደግሞ ውሃ የሚተኛበትን ማሳውን፣ የጤፉን ዘር ቀኑንና የግድቡን ቦይ ያስባል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ነገር ደግሞ ከሳተላይቱ ይልቅ የደሴ መንገድ የቆዩ ሾፌሮች ዘንድ ነው ያለው፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘንብ። በመሃል አገር ደጋ ዝናቡ ሰዓት ያውቃል። ጠዋት ብዙ ጊዜ ሰማዩ ይከፈታል፤ ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቀዋለች፤ ወደ እኩለ ቀን ደመናው መቆለል ይጀምራል፤ ከምሳ በኋላ ዶፉን ያወርደዋል፤ ማታ ካፊያ ይቀራል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሌሊት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስበትም ጊዜ አለ። በአብዛኛው ግን ጠዋቱ ለመንገደኛ የተተወ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ ጠዋቱን ተኝተን እናሳልፍና ስምንት ሰዓት ላይ በመስኮት አይተን «ይኸው፣ ምን አልኩህ!» እንላለን።

ሐሳቤን ከልቡ የሚደግፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከዋሽንግተን የሚመጣው የአጎቴ ልጅ። የሚደግፈኝም ቦታውን ወዶት አይደለም፤ ቲኬቱን ከፍሎ ስለመጣ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው የእነሱ ሙቀት በኛ ዝናብ ላይ በሚውልበት ጊዜ ነውና ባለ ልጅ ሁሉ ወደ አገሩ የሚመጣው በሐምሌ ነው። ቦሌ ሲደርስ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይወርዳል። አልፈርድበትም፤ ያደገው «የ13 ወር ፀጋ» በሚል ፖስተር ሥር ነው። ያንን መፈክር ያወጡት የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ በ1950ዎቹ። በእንግሊዝኛው 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ይላል። በ2008 ዓ.ም. በ«ምድረ ቀደምት» እስኪተካ ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በየኤምባሲው፣ በየሬስቶራንቱና በየሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

«ወንድሜ፣ ፀሐይዋ የታለች?» ይለኛል።

«አለች፤ ደመናው ላይ።»

«13 ወር አላችሁ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ደመናው ላይ ናት አልኩህ እንጂ ሄደች አልኩህ?»

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ልጆቹ ትምህርት ስለሚጀምሩ ነሐሴ ሳያልቅ ይመለሳል። ጭቃውን፣ የመብራት መጥፋቱንና የእኛን ማስነጠስ ያያል፤ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ እሱ ሜሪላንድ የልጆቹን አውቶቡስ እየጠበቀ ነው። እዚያ የሚያድጉት ልጆች የአገራቸውን አዲስ ዓመት የሚያውቁት በስልክ ነው፤ አገራቸው ግን በትዝታቸው ሁልጊዜ እርጥብ ናት። ስለዚህ «ክረምቱ ይለፍ፤ ከዚያ እንሄዳለን» የሚለው የእኛ መልስ ለእርሱ አይሠራም። ለእርሱ አገሩ ክረምት ነው።

ወሳኙ ድምፅ ግን የአክስቴ ነው። አክስቴ የመንዝ ልጅ ናት። ከዚያ ብርድ ወጥታ አዲስ አበባ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ግን «ብርድ» ስንል በትዝብት ታየናለች።

«እትዬ፣ ጣርማ በር ልንሄድ ነው» አልኳት አንድ ጊዜ።

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። እንዲሁ ልናይ ነው።»

«ምኑን?»

«ጉሙን፣ ገደሉን...»

ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «አንተ ልጅ፣ ጉም ለማየት ነዳጅ ትጨርሳለህ? እኛ ቤት ጉሙ ከጥጆቹ ጋር ነበር የሚያድር። በሩን ስትከፍት ይገባል፤ ስትዘጋ አይወጣም።» ቀጥላ የገሳውን፣ የበርኖሱን፣ በሐምሌ ውሃ ለመቅዳት ቁልቁለት የወረደችበትን ነገር አወራችኝ። እየሳቀች ጀመረች፤ መጨረሻ ላይ ግን ሳቁ ጠፍቶ ስለ ሣር ክዳኑ በፍቅር ታወራ ነበር። ክዳኑ ጓሳ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚታጠፈው መንገድ የሚገኘው የጓሳ ሣር ሜዳ፣ የመንዝ ሰው 400 ዓመት ለሚሆን ጊዜ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድ፣ ማንም አያግጥ፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም የድርሻውን ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይወስዳል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ አይጥ እያደነ የሚኖረው ያ ሣር ስላልጠፋ ነው። አክስቴ «ጥበቃ» የሚል ቃል አልተጠቀመችም። «ያለ ጊዜው የቆረጠ ይቀጣል፤ ታዲያ በክረምት ቤትህ ሊያፈስ ነው?» ነው ያለችው። ያ ሕግ የወጣው በሐምሌ ዝናብ ፍርሃት ነው ማለት ነው።

የማያከራክር ነገር ልናገር፤ እኛ ደገኞች ከዝናብ ጋር ያለን ግንኙነት የሥራ ነው። ለገበሬው እርሻ ነው፤ ለከተሜው ጭቃ ነው፤ ለቤት ባለቤት የሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ ለታክሲ ተራ አስከባሪ ደግሞ ገቢ ነው። ዝናብ ተብሎ ዝናብን ለማየት የሚነሳ ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም። አለ ግን። ሕንዶች በክረምታቸው ወራት ሻንጣ ጭነው ወደሚዘንብበት ተራራ ይወጣሉ። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ቼራፑንጂ የምትባል ከተማ አለች፤ አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስታገኝ እሷ በአማካይ ከ11,000 በላይ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1860 እና በ1861 መካከል በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 26,461 ሚሊ ሜትር ወርዶባት በዓለም መዝገብ ሰፍራለች። ሰው እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ እዚያ የሚሄደው ሲዘንብ ለማየት ነው። የአገሬው ገበሬ ደግሞ ከቀርከሃና ከቅጠል የተሠራ፣ ጭንቅላትና ጀርባን የሚከድን ነገር ደፍቶ ጎንበስ ብሎ ያርማል። ፎቶውን ለአክስቴ ባሳያት «ይኼማ ገሳ ነው፤ የማን ልጅ ነው?» እንደምትለኝ አልጠራጠርም።

ሩቅ ነው ካሉ ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችንን ይጠይቁ። በኦማን ደቡብ ጫፍ ሰላላ የምትባል ከተማ አለች፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ተራሮቿ ላይ ጉምና ካፊያ ያወርዳል። ካፊያ ነው እኮ የምላችሁ፤ የእኛ ሰው ጃንጥላ የማይዘረጋለት። የባሕረ ሰላጤው ሀብታም በዚያ ወር ቤተሰቡን መኪና ላይ ጭኖ በረሃውን ያቋርጥና እዚያ ይደርሳል። ሣሩ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይረጥባሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ። የወሎ ወይም የጅማ ልጅ ከኋላ ሆና ሻይ በቴርሞስ ይዛ ይህን ስታይ ምን እንደምታስብ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ካፊያ ጥሎ ሲያባራ፣ ጭቃ ሲረገጥ፣ ጉም ሲወርድ፤ የሸሸችው ሁሉ እዚህ ጌጥ ሆኖ ጠበቃት።

እኛም ብንሆን ዝናብን ከነፍሳችን የምንጠላ አይደለንም። ጳጉሜ 3 የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ሐምሌ ላይ «ግባ! ጉንፋን ይይዝሃል!» እያለች የምትጮኸው እናት ያን ቀን ልጇን ልብሱን አስወልቃ ራሷ ወደ ግቢ ታስወጣዋለች። ጠበል ነዋ። ደመናው ያው ነው፤ ብርዱም ያው ነው፤ ልጁም ያው ነው። ጉንፋኑ ብቻ የት እንደሄደ አይታወቅም። ከዚህ የምረዳው የሚጎድለን ፈቃድ መሆኑን ነው። አንድ የከበረ ምክንያት ከሰጡን ማንኛውንም ዝናብ እንቆምለታለን።

ምክንያት ከተፈለገ ደግሞ ሞልቷል። ጢስ ዓባይን በግንቦት ሄዶ ያየ ሰው «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ ሲመለስ ሰምታችሁ ይሆናል። ፏፏቴ በክረምት ነው ፏፏቴ። ጣርማ በርም እንደዚያው ነው። በጥር ያየሁት ጣርማ በር ቢጫ ሜዳና አቧራ የለበሰ ገደል ነው፤ በክረምት ግን በየሸንተረሩ የበጋ ስም የሌለው ውሃ ይንጠለጠላል፤ የገብሱ ማሳ እስከ ገደሉ ጠርዝ ድረስ ለምልሟል፤ ነሐሴ ላይ የባቄላው አበባ ሽታ መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ለጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ክረምት ማለት ፋሲካ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖረው ጭላዳ ብቻ ነው፤ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ይውላል፤ ማታ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል። ዝናብ ሲመታው ያንን ጎፈር ይደፋና ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል። ሲያባራ አራግፎ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ስብሰባ የለም፣ ትንበያ የለም፣ «ደህና ነህ ግን?» የሚለው የለም።

ጉሙስ? ጉሙ አንዳንድ ጊዜ እንደ መጋረጃ ይከፈታል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ደብረ ሲና ቁልቁል ትታያለች፤ የመንገዱ ጥምዝ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ ሌላ ደመና። ከዚያ ይዘጋል። የማይከፈትበትም ቀን አለ፤ ያን ቀን ነጭ ነገር አይተው ይመለሳሉ፤ ማንም ገንዘብ አይመልስልዎትም። እንደዚያ ከሆነ ወደ ታች መውረድ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡት ልጆች መኪናው ሳይቆም መስኮቱ ላይ ናቸው፤ ቆሏቸው በመላ አገሪቱ ስሙ የታወቀ ስለሆነ ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም፣ ፍጥነት ብቻ ነው። ሳይታክቱ ከወረዱ ሸዋ ሮቢት ይደርሳሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር። ጠዋት ደብረ ብርሃን ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ሸሚዙን እየፈታ ፍራፍሬ ይገዛል። አየር ለመቀየር ሌሎች አውሮፕላን ይሳፈራሉ፤ ሸዋ ውስጥ ፍሬን መያዝ ብቻ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሳቁን ላፍታ ላቁም። ተራራ በክረምት የሚያሳየው ውበት ብቻ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የወረደውን ናዳ የሚረሳ የለም፤ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በዚሁ በደብረ ሲና አካባቢም በ1998 ዓ.ም. መባቻ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል። ያ ተዳፋት ለእኔ የግማሽ ቀን ትርዒት ነው፤ ለነዋሪው ሌሊቱን ሙሉ ጆሮውን የሚያቆምበት ቤቱ ነው። ይህን እያወቁ መሄድ ይቻላል፤ ሳያውቁ ገደል ጠርዝ ላይ ሄዶ ፎቶ መነሳት ግን ብልግና ነው። ወንዝም እንዲሁ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ጠዋት በድንጋይ የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት ከላይ ዘንቦበት መኪና የሚያገላብጥ ይሆናል። ከአስፋልት የሚያስወጣ ጉብኝት በሐምሌ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ መኪናውን የሚገፉልዎ ልጆች አይጠፉም፣ ዋጋውን ግን የሚተምኑት ጎማው ምን ያህል እንደሰጠመ አይተው ነው፤ ትክክልም ናቸው።

ስለዚህ «በሐምሌ ይኬዳል ወይ?» ለሚለኝ ሁሉ የእኔ ፍርድ ይኬዳል ነው። «ይዘንባል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ይዘንባል። የሚጠየቀው ሌላ ነው። መጀመሪያ፣ ከዝናቡም በፊት፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብላችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ መልሱ የሚያወላውል ከሆነ ቤት መቀመጥ ነው፣ ገደሉ የትም አይሄድም። ቀጥሎ አስፋልቱ እስከ የት ነው? ወንዝ መሻገር አለ ወይ? ጎማው ጥርስ አለው ወይ? ለእነዚህ ደህና መልስ ካገኛችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ሻይ ጠጡ፣ ግን አትደላደሉ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ አፋፉ ላይ ሁኑ፤ ዋሻው ውስጥ መብራት አብርታችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ደመናው መቆለል ሲጀምር ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ። ለጭላዳው ዳቦ አትስጡት፤ ሣሩ ይበቃዋል። ቆሎውን ግን ከአንድ ልጅ ብቻ አትግዙ፤ ሌሎቹም በዚያው ዝናብ ውስጥ ነው የቆሙት። ካፖርትና ቦቲ ያዙ። ጃንጥላውን ቤት ተዉት፤ በዚያ ነፋስ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።